እንቅልፍ ወሰደኝ

 

ሱብሒ ላይ ያልታየን ጓደኛችሁን «የት ጠፋህ?» ብትሉት መልሱ አጭር ነው፦ «ለሽ ብዬ!» ይስቃል፣ ትስቃላችሁ፣ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል። እህቶችም ዘንድ ያው ነው። «ለሽ» የሰፈር ቃል ናት፤ ግን ልብ ብላችሁ ስሟት፣ ቃሏ ራሷ የተኛች ትመስላለች። መጨረሻዋ ላይ አየር ለቅቃ ትቀራለች፤ ደክሞት ፍራሽ ላይ እንደወደቀ ሰው።

አማርኛችን ለእንቅልፍ ቃል አይሰስትም። ጋደም አለ፣ ሸለብ አደረገው፣ አንቀላፋ፣ ለጥ አለ፣ ጭልጥ አለ፣ ድብን አለ። ደረጃ አለው፤ «ጋደም» ያለ ሰው ቢጠሩት ይሰማል፣ «ድብን» ያለውን ግን ጎረቤት ተሰብስቦም አይቀሰቅሰውም። «ጭልጥ» ብርጭቆ አንስቶ እስከ ዝቃጩ ለሚጨልጥም ሰው ይነገራል፤ እንቅልፍ አንድ ጊዜ ጠጥቶ እንደጨረሰን ማለት ነው። «ለጥ» ደግሞ ይበልጥ ትገርመኛለች። ለጥ ያለ ሜዳ እንላለን፣ ለጥ ብሎ ተኛ እንላለን፣ ለጥ ብሎ እጅ ነሳም እንላለን። አንዷ ቃል ለተኛውም ለሚሰግደውም ሆነች። አንድ ሰው ሱብሒ ላይ ለጥ ብሏል ቢባል ፍራሹ ላይ ይሁን መስገጃው ላይ ገና መጠየቅ ይኖርባችኋል።

ዛሬ ግን ላቆያችሁ የፈለግኩት ሌላ አባባል ላይ ነው፦ «እንቅልፍ ወሰደኝ»። ወንድሞቹም አሉ፤ «እንቅልፍ ጣለኝ»፣ «እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ አለ»። የሁሉም አሠራር አንድ ነው። «ተኛሁ» ስንል ሥራው የኛ ነው። «ወሰደኝ» ስንል ግን ሠሪው እንቅልፍ ነው፣ እኛ የተወሰድን ዕቃ ነን። ተጫዋች አነጋገር ነው፣ ሁላችንም እንለዋለን። ጥያቄው ይህ ነው፦ አላህ ፊት ይሄ አባባል እውነት ነው ወይስ ማምለጫ?

መጀመሪያ ቃሉ ከየት እንደመጣ እንይ። ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላና ስንተኛ የምንቀራት አያተል ኩርሲይ ውስጥ አላህ ስለራሱ ከሚነግረን ነገር አንዱ ማንገላጀትም ሆነ እንቅልፍ እንደማይዘው ነው። እዚያ ላይ የመጣው የዐረብኛ ግስ «አኸዘ» ነው፤ ትርጉሙ ያዘ፣ ወሰደ። ግእዙ «አኀዘ» ይለዋል፤ የኛ «ያዘ» የመጣው ከዚሁ ነው። «ነውም» የሚለው የዐረብኛ ቃል እንኳ በግእዝ «ኖመ» ሆኖ አለ፤ ተኛ ማለት ነው። ስለዚህ «እንቅልፍ ያዘኝ» የሚለው ሰው ከቁርኣኑ ቋንቋ ጋር የሥጋ ዝምድና ባለው አፍ ነው የሚናገረው። እንቅልፍ ሰውን ይይዛል የሚለው ሐሳብ ሰፈራችን ውስጥ የተፈጠረ ቀልድ አይደለም፤ ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ሰው ሲለው የኖረ ነገር ነው።

ከአያዋ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። እንቅልፍ የማይይዘው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ንጉሡም ዘበኛውም ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጭምር፣ ይተኛል። «እንቅልፍ ወሰደኝ» ያለ ሰው ሳያውቀው ባሪያ መሆኑን መስክሯል።

ሱረቱ ዙመር (39፥42) ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ይወስደዋል። ወሳጁ እንቅልፍ ራሱ አይደለም። ነፍሶችን የሚወስደው አላህ ነው፤ የሚሞቱትን በሞታቸው ጊዜ፣ ያልሞቱትን ደግሞ በእንቅልፋቸው። ሞት የፈረደባትን ያስቀራታል፣ ሌላዋን እስከተወሰነላት ጊዜ ይመልሳታል። አንድ አወሳሰድ፣ ሁለት መጨረሻ። አማርኛችንም ይህን ነገር ያሸተተ ይመስለኛል። «አሸለበ» ለሚያንቀላፋው ይሆናል፣ ለሞተውም ይሆናል። «ወሰደው»ም እንደዚያው፤ ለቅሶ ቤት ስንገባ «አላህ ወሰዳት» ነው የምንለው። ማታ ላይ እየሳቅን የምንናገራት ቃል ለቅሶ ቤት የምንናገራት ናት።

እዚህ ላይ ታሪኩን ልንገራችሁ። ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው።

ዘመኑ 7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ዘመቻ ሲመለሱ ሌሊቱን ተጓዙ፣ ሕዝቡን እንቅልፍ ሲያዳክመው ለማረፍ ቆሙ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አደረጉ፤ ሌሊቱን የሚጠብቅ፣ ለሱብሒ የሚቀሰቅሳቸው ሰው መደቡ። የተመደበው ቢላል ነበር፤ የኛው ቢላል አል ሐበሺ (ረ.ዐ)።

ቢላል ምን እንዳደረገ ዝርዝሩን አስተውሉ። ሌሎቹ ሲተኙ እሱ ቆሞ የቻለውን ያህል ሰገደ። ንጋቱ ሲቃረብ ግመሉን ተደግፎ ተቀመጠ። ፊቱን ያዞረው ጎሕ ወደሚቀድበት አቅጣጫ ነው፤ የመጀመሪያዋ ብርሃን እንዳታመልጠው። አልተጋደመም፣ አልተከናነበም። እዚያው ተደግፎ እንዳለ ዓይኑ አሸነፈው።

ማንም አልነቃም። የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነው። መጀመሪያ የነቁት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ፤ ደነገጡ፣ ቢላልን ጠሩት። የቢላል መልስ ምን ነበር? የእርሳቸውን ነፍስ የወሰደው እርሱ የሱንም ነፍስ እንደወሰደ ነው የተናገረው። የተጠቀመውም ያንኑ «አኸዘ» የሚለውን ግስ ነው። በአማርኛ ቢናገር ኖሮ «ወሰደኝ» ባለ ነበር! ቡኻሪ ከአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) በዘገቡት ደግሞ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ፈጽሞ ተጥሎበት እንደማያውቅ ተናገረ፤ ይሄኛው ወደኛ «ጣለኝ» ይጠጋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አልገሠጹትም፤ አላህ በሻ ጊዜ ነፍሶቻችሁን ያዘ፣ በሻ ጊዜ መለሰ የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጡ።

ስለዚህ «እንቅልፍ ወሰደኝ» ተቀባይነት አግኝታለች። ከቢላል አፍ ወጥታ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆማ አልፋለች።

ግን ማን እንዳላት እንይ እንጂ! ያላት ሌሊቱን ቆሞ የሰገደ፣ ተቀምጦ ጎሕን የሚጠብቅ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሰው ነው። «ወሰደኝ» ለማለት መጀመሪያ የሚወሰድ ሰው ሊኖር ይገባል፤ የሚታገል፣ ያልፈለገ፣ ተጎትቶ የሄደ። ራሱ ተነሥቶ ሻንጣውን ይዞ የሄደውን ሰው «ተወሰደ» አንለውም።

ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ አንዱን አጭር ቪዲዮ ከሌላው ስንቀያይር ቆይተን፣ ስልኩን ድምፅ አጥፍተን ትራስ ሥር ከትተን፣ ማንንም «ቀስቅሰኝ» ሳንል ተኝተን ስናበቃ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «እንቅልፍ ወሰደኝ» ማለት ቋንቋውን መበደል ነው። እንቅልፍ አልወሰደንም፤ እኛ ነን ሄደን የሰጠነው። በዚያው የጉዞ ታሪክ ሌላ ዘገባ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእንቅልፍ ውስጥ ጉድለት እንደሌለ፣ ጉድለቱ ሶላትን ቀጣዩ ወቅት እስኪገባ በሚያዘገየው ሰው ላይ እንደሆነ አስተምረዋል። የተኛ ሰው እስኪነቃ ብዕር ተነሥቶለታል። የሚጻፍብን ነቅተን ሳለ ያደረግነው ነው፤ ከኢሻ በኋላ ያሉት እነዚያ ሁለት ሦስት ሰዓታት። ከኢሻ በፊት መተኛትንና ከኢሻ በኋላ ወሬን ይጠሉ የነበሩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኮተቤ ያለ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከም ውሎ የተኛ ልጅ፤ እነዚህ ከቢላል ግመል አጠገብ ያሉ ናቸው። ስቶክሆልም ያለ ወንድማችንም በሰኔ ሌሊቱ በቅጡ ሳይጨልም ይነጋበታል። እኛ አዲስ አበባ ያለነው ግን ምን እንላለን? ወገብ አካባቢ ስለሆንን የፀሐይ መውጫችን ዓመቱን ሙሉ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ሱብሒ ክረምት በጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ዙሪያ ናት። አላህ አግርቶልናል።

ነገሩ ከጆሮም ጋር ይያያዛል። ዛሬ ጁሙዓ ነው፣ ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ትቀራላችሁ። 11ኛዋ አያ ላይ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ። አላህ የዋሻውን ወጣቶች እንዳስተኛቸው ሲነግረን «አስተኛናቸው» የሚለውን ተራ ቃል አልተጠቀመም። ጆሯቸው ላይ መታንባቸው የሚል መንፈስ ያለው አባባል ነው የመጣው። ዓይናቸውን ዘጋን አላለም። ዓይን ሳይተኙም ይጨፈናል፤ ሰው ተኝቷል የሚባለው ጆሮው ሲዘጋ ነው። ሙፈሲሮች ይህን የከባድ እንቅልፍ አገላለጽ አድርገው ያብራሩታል። ወጣቶቹ 300 ዓመት፣ ዘጠኝም ጨምረው፣ ቆዩ፤ ሲነቁ ግን አንድ ቀን ወይም የቀን ከፊል ነው የመሰላቸው። «አሁን እኮ ነው የተኛሁት!» እንደምንለው።

የካ ሚካኤል አካባቢ ያደረ ሰው ይህን ጉዳይ በራሱ ጆሮ ሊፈትሸው ይችላል። ሌሊቱ ወደ 11 ሰዓት ሲጠጋ ከእንጦጦ ተረተር፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ያለው ብርድ ይወርዳል፤ ብርድ ልብሱ እንደዚያ ሰዓት ጣፍጦ አያውቅም። ውሻ ይጮኻል፣ አልፎ አልፎም ከጋራው በኩል ጅብ። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቅዳሴ ይሰማል፣ አዛን ይሰማል፣ ጋራው ላይ እንጨት ለመልቀም የሚወጡ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ያልፋሉ። መገናኛ ላይ የመጀመሪያው ታክሲ ረዳት መጣራት ጀምሯል። ይህ ሁሉ ድምፅ ወደ አንድ ጆሮ ይገባል፣ ሰውዬው ግን አይሰማም። ያው ሰው 10 ሰዓት ላይ ቦሌ መድረስ ያለበት ቀን ቢሆን ሰዓቱ ሳይጮህ ይነቃል። እናትም ከባድ መኪና በደጇ ሲያልፍ ትተኛለች፣ ሕፃኗ ትንሽ ሲያቃስት ግን ትነሣለች። ጆሮ ልብ ላዘዘው ድምፅ ይነቃል።

ለዚህም ይመስለኛል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሶላት ሳይነሣ እስኪነጋ ስለተኛ አንድ ሰው ሲነገራቸው ሸይጧን ጆሮው ውስጥ እንደሸና የተናገሩት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዑለሞች ይህን በተለያየ መንገድ ተረድተውታል፤ ቃዲ ዒያድ ቃል በቃል መሆኑ ሩቅ አይደለም ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሸይጧን እንደተጫወተበትና እንደናቀው የሚገልጽ አባባል ነው ብለዋል። የትኛውንም ብትይዙ ቦታው ጆሮ ነው። አዛን የሚገባበት በር። ይህን ሐዲስ ሌላውን ለማሸማቀቅ የሚጠቀሙበት አሉ፤ መስጂድ በር ላይ ቆሞ ያልመጣውን ልጅ በዚህ መሳቅ። እኔ አልወደውም። ሰው የራሱን ጆሮ እንዲጠርግ የተነገረ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ከሳቂዎቹ ሳይሆን ከዝምተኞቹ ጋር ላውራ። በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ ሰዓት ሞልታችሁ፣ ሦስቱንም ሳታውቁት አጥፍታችሁ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብርድ ልብስ ሥር የምታለቅሱ አላችሁ። «እኔ ሙናፊቅ ነኝ መሰለኝ» እያላችሁ ከነጭራሹ የተዋችሁትም አላችሁ። ስሙኝ፤ አቡ ዳውድ ዘንድ የሰፍዋን ኢብኑል ሙዐጦል (ረ.ዐ) ታሪክ አለ። ሚስቱ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት ስትል ከነገረቻቸው አንዱ ፀሐይ ካልወጣች ሱብሒን አይሰግድም የሚል ነበር። እሱም ቤተሰባቸው በዚህ የታወቀ እንደሆነ፣ ፀሐይ ሳትወጣ መንቃት እንደሚያቅታቸው ተናገረ። መልሱ ሲነቃ እንዲሰግድ ነበር። ይህ ለሰነፍ ፈቃድ አይደለም፤ ዑለሞች ከአቅሙ በላይ ለሆነበት ሰው ነው ብለው አብራርተውታል። ግን አያችሁ? ሰሓባ ነበር፣ ችግሩ ነበረበት፣ ከበሩም አልተባረረም። የነቃችሁበት ደቂቃ የእናንተ የሶላት ደቂቃ ናት። «ዛሬ አምልጦኛል፣ ነገ እጀምራለሁ» የሚለውን የሚያንሾካሹክላችሁ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከማጅራታችሁ ላይ ሦስት ቋጠሮ የሚቋጥረው ራሱ ነው። ሲነቁ አላህን ማውሳት አንዱን ይፈታል፣ ውዱእ ሁለተኛውን፣ ሶላት ሦስተኛውን።

ሌላ ደግሞ ከኸይበሩ ታሪክ የምትወስዱት፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንኳ ሰው መደቡ። እናንተም ቢላል መድቡ። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ሁኑና በየሳምንቱ ተራ ይኑራችሁ፤ ተረኛው ከአዛን አሥር ደቂቃ ቀድሞ ሚስኮል ያድርግ፣ እስኪመለስለትም አያቁም። ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድም ወይም አያት ካሉ ደግሞ ከስልክ ይበልጣሉ። አያት አንዴ «ቀስቅሱኝ» ከተባሉ የሚተዉ እንዳይመስላችሁ!

እንቅልፍን ግን አትጥሉት። ሱረቱ ሩም (30፥23) በሌሊትና በቀን መተኛታችንን ከአላህ ታምራቶች ትቆጥረዋለች። ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቆመበት ሰዓት አጅር እንደሚጠብቅ ሁሉ በተኛበትም እንደሚጠብቅ ይናገር ነበር። ሰሓቦች ጁሙዓ ቀን ምሳቸውንና የቀን እረፍታቸውን ከሶላቱ በኋላ ያደርጉ እንደነበር ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ነግሮናል። ስለዚህ ዛሬ ከመስጂድ ስትመለሱ፣ ምሳ በልታችሁ ጋደም ብትሉ ከደጋጎቹ ልማድ ጋር ናችሁ። ጋደም ግን! ዐስር ላይ ድብን ብላችሁ እንዳትገኙ።

የቢላልን ታሪክ እስከ መጨረሻው አልነገርኳችሁም። ፀሐይዋ ወጥታ፣ ሰዉ ደንግጦ ተነሥቶ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ ቦታ ትንሽ ራቅ እንዲሉ አዘዙ፣ ግመሎቻቸውን እየሳቡ ሄዱ፣ ውዱእ ተደረገ። ከዚያ ወደ ሶላት መጥራት ያስፈልግ ነበር። በዚያ ሰፈር ውስጥ ድምፅ ያለው ሌላ ሰው አይጠፋም። ያዘዙት ግን ያንኑ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ነው። ቢላል ተነሣ፣ ጠራ፣ ሱብሒን ጀመዓ ሆነው ሰገዱ። ከዚያም በኋላ በየንጋቱ መዲና ላይ ሶላት ከእንቅልፍ እንደምትበልጥ ሰዉን የሚያስታውሰው ድምፅ የሱ ነበር። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በረመዷን፣ መካ ስትከፈት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዕባ ላይ አዛን እንዲያደርግ ያወጡት ቢላልን ነው።